ባትሪ ለምን ይቃጠላል? እንዴትስ ይከላከሉታል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። እሳት ገና ሲጀምር በለምለም ቅጠል ይጠፋል። የሣር ክዳኑን ከያዘ በኋላ ግን ጎረቤቱ ሁሉ እንስራ ተሸክሞ ቢደርስም ቤቱ አይተርፍም። ይህን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል።

ዛሬ በቤታችን አንድ አዲስ የእሳት ምንጭ ገብቷል። ሲያዩት አይጨስም፤ ነበልባልም የለውም። በኪስ ይገባል፤ ትራስ ሥር ያድራል። ይኸውም የስልክ ባትሪ ነው። ባትሪ ጠቃሚ ነገር መሆኑ አያጠራጥርም። ልጆች ማታ በብርሃኑ ያጠናሉ። የእህል ዋጋ ከደብረ ታቦር እንጠይቅበታለን። ምጥ የያዛት እናት ስትኖር አምቡላንስ እንጠራበታለን። ስለዚህ ባትሪን መፍራት አይበጅም፤ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

በዚህ ትምህርት ባትሪ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚቃጠል፣ ሊቃውንት እንዳይቃጠል ለማድረግ ምን እየሠሩ እንዳሉና እኛም በቤታችን ምን ማድረግ እንዳለብን እናነባለን።

፩. የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ምን አለው?

የእጅ ባትሪና ራዲዮ የሚሠሩበትን የባትሪ ድንጋይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙ ድንጋይ ይባል እንጂ ድንጋይ አይደለም። የውጪው ጣሳ ዚንክ ከሚባል ብረት የተሠራ ነው። መካከሉ ላይ የቆመው ጥቁር ዘንግ ካርቦን ነው። በዘንጉ ዙሪያ የተጠቀጠቀው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይባላል። በዱቄቱና በዚንኩ መካከል ደግሞ እንደ ሊጥ ያለ እርጥብ ነገር አለ።

ማናቸውም ባትሪ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነሱም ሰጪ ወገን፣ ተቀባይ ወገንና በመካከላቸው ያለ መሻገሪያ ናቸው። በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ሰጪው ዚንኩ ነው። ተቀባዩ ጥቁሩ ዱቄት ነው። መሻገሪያው እንደ ሊጥ ያለው እርጥብ ነገር ነው። መሻገሪያው በሳይንስ ቋንቋ «ኤሌክትሮላይት» ይባላል። ይህን ቃል ደጋግመን ስለምናገኘው ቀስ ብለን እንጥራው፤ ኤ-ሌክ-ት-ሮ-ላ-ይት።

የባትሪን አሠራር በውኃ ወፍጮ መመሰል ይቻላል። ውኃ ከላይ ወደ ታች መውረድ ይፈልጋል። ባለ ወፍጮው ግን ዝም ብሎ አይለቀውም። በቦይ ጠልፎ ያመጣውና ወፍጮውን አስዙሮ ያወርደዋል። ባትሪም እንዲሁ ነው። ሰጪው ወገን ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ደቃቃ ነገሮችን ለተቀባዩ መስጠት ይፈልጋል። ኤሌክትሮላይቱ ግን ኤሌክትሮኖችን አያሳልፍም። ስለዚህ በውጭ፣ በሽቦ ዞረው ይሄዳሉ። ሲዞሩም አምፖሉን ያበራሉ፤ ራዲዮውን ያናግራሉ። ኮረንቲ የምንለው ይህ ጉዞ ነው።

ኤሌክትሮኖቹ በውጭ ሲዞሩ አዮን የሚባሉ ሌሎች ደቃቃ ነገሮች ደግሞ በውስጥ፣ በኤሌክትሮላይቱ በኩል ይሻገራሉ። አንዱ ካልሄደ ሌላውም አይሄድም። አዮኖቹ መሻገሪያ ካጡ የውጪውም ጉዞ ይቆማል። እንግዲህ ባትሪ ደግ ወይም ክፉ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ መሻገሪያ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

፪. ከፈሳሽ ወደ ሊጥ

እ.ኤ.አ. በ1866 ሌክላንሼ የሚባል አንድ ፈረንሳዊ የሠራው ባትሪ በብርጭቆ ማሰሮ የተሞላ ፈሳሽ ነበረው። ማሰሮው ከተጋደመ ይፈስሳል፤ ከወደቀም ይሰበራል። ስለዚህ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይሠራል እንጂ ይዘውት ሊዞሩ አይመችም ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ ጋስነር የሚባል ጀርመናዊ ፈሳሹን ከጄሶ ጋር ለወሰው። ዚንኩንም ጣሳ አድርጎ ዘጋው። የማይፈስስ ባትሪ ተገኘ። ዛሬ የባትሪ ድንጋይ ይዘን ገደል ወርደን ሜዳ የምንሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ። መሻገሪያው ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ ባትሪው ለሰው የሚመች ሆነ። ዛሬም ሊቃውንት በስልክና በመኪና ባትሪ ላይ የሚደክሙት ይህንኑ ሥራ ለመድገም ነው። የአሁኑ ግን ከቀድሞው ይከብዳል።

፫. ሊትየም የሚባለው ብረት

የስልክ ባትሪ የሚሠራው ሊትየም በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሊትየም ከብረት ወገን ሁሉ የቀለለ ነው። በጣም ከመቅለሉ የተነሣ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ቀላል ሆኖ ብዙ ኀይል ስለሚይዝ ለስልክ፣ ለፀሐይ መብራትና ለኤሌክትሪክ መኪና ተመረጠ። በአገራችንም በኦሮሚያ ክልል፣ በጉጂ ዞን፣ ቀንጢቻ በሚባለው ቦታ ሊትየም ያለበት ዓለት ይገኛል።

የሊትየም ባትሪ በገበያ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ነበር የጀመረው። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። መንግሥታችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ በባትሪ የሚሄዱ መኪናዎች በአዲስ አበባ በዝተዋል። ስለዚህ የሊትየም ባትሪ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

የባትሪ ድንጋይ አንድ ጊዜ ካለቀ አለቀ። የስልክ ባትሪ ግን ደጋግሞ ይሞላል። ስልኩን ስንሞላ የሊትየም አዮኖች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ስንጠቀምበት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። እንደ ገበያተኛ ጧት ሄደው ማታ ይመለሳሉ ማለት ነው።

፬. ታዲያ ለምን ይቃጠላል?

ሊትየም ከውኃ ጋር አይስማማም። ስለዚህ በስልክ ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውኃ የለበትም። ይህ ፈሳሽ ግን እንደ ላምባ እሳት የሚቀበል ነው። ሰጪውንና ተቀባዩን ወገን የሚለያየው ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የፕላስቲክ ስስ ሽፋን ነው። ሁለቱ ወገኖች ሽፋኑን አልፈው ከተነካኩ ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ መዞራቸውን ይተዉና በአቋራጭ በአንድ ጊዜ ይጎርፋሉ። ቦይ የጣሰ ጎርፍ ወፍጮ እንደሚሰብር ሁሉ ይህም ኀይለኛ ሙቀት ያመጣል።

ሽፋኑ የሚጣሰው በብዙ መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ባትሪው ሲረገጥ፣ ሲታጠፍ፣ በምስማር ወይም በጥርስ ሲበሳ።

ሁለተኛ፣ በማይስማማው መሙያ ያለ መጠን ሲሞላ።

ሦስተኛ፣ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ። ሽፋኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት ከበዛበት ይቀልጣል።

አራተኛ፣ በውስጡ እሾህ ሲበቅል። ባትሪው በጣም ቀዝቅዞ ሳለ ወይም ያለ መጠን ተቻኩሎ ሲሞላ የሊትየም አዮኖች መግቢያቸው ይጠብባቸዋል። ያን ጊዜ ከውጭ ተከምረው እንደ እሾህ ያለ ቀጭን ብረት ያበቅላሉ። እሾሁ አድጎ ሽፋኑን ይወጋዋል።

ሙቀቱ አንዴ ከተነሣ ራሱን በራሱ ያባብሳል። እርጥብ ድርቆሽ ሳይደርቅ የከመረ ሰው ይህን ያውቃል። እጁን ወደ ክምሩ ውስጥ ቢሰድ ይፈጀዋል። ማንም እሳት አልለኮሰበትም፤ ሙቀቱ ከውስጡ መጣ። መውጫ ስላጣም እየጨመረ ሄደ። በባትሪም ውስጥ እንዲሁ ሙቀት ሌላ ሙቀት ይወልዳል። ፈሳሹ ይፈላል፤ ጋዝ ይሆናል፤ ባትሪው ያብጣል። በመጨረሻም ይፈነዳና ይነዳል። ክምር ለመጋል ቀናት ይፈልጋል። ባትሪ ግን ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

፭. ለንደን ላይ የደረሰው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 የሚባለውን አውሮፕላን በአፍሪካ ካሉት አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ተረከበ። ጥቂት ወራት እንደ ቆየ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ቆሞ የነበረ የጃፓን 787 አውሮፕላን የሊትየም ባትሪው ተቃጠለ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ በጃፓን የሌላ 787 ባትሪ ጨሰና አውሮፕላኑ በአስቸኳይ አረፈ። በዓለም ያሉ 787 አውሮፕላኖች ሁሉ እንዳይበሩ ታገዱ። ባትሪው በጠንካራ የብረት ሣጥን ተዘግቶ፣ ጭሱም ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ከተበጀለት በኋላ እገዳው ተነሣ። ከዓለም ሁሉ ቀድሞ መንገደኛ አሳፍሮ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። ይህም ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የሚል ስም ያለው የኢትዮጵያ 787 በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሳለ ከጅራቱ አጠገብ በላይኛው በኩል እሳት ተነሣበት። ደግነቱ በውስጡ ሰው አልነበረም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አጠፉት።

የእንግሊዝ መርማሪዎች ነገሩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አወጡ። እሳቱ የተነሣው ከትልቁ ባትሪ ሳይሆን ከአንዲት ትንሽ መሣሪያ ነበር። መሣሪያዋ አውሮፕላን ቢወድቅ ያለበትን ቦታ በራዲዮ የምትናገር ናት። በውስጧ ሊትየምና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ያለበት ባትሪ ነበራት። ይህ በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያየነው ጥቁር ዱቄት መሆኑን ልብ በሉ። የባትሪው ክዳን ሲገጠም ሁለት ሽቦዎች ከሥሩ ተቆንጥጠው ቀርተው ነበር። ሽቦዎቹ ተነካኩ፤ ኮረንቲው በአቋራጭ ጎረፈ፤ ባትሪው ጋለ፤ አንዱ ክፍል ሌላውን እያቀጣጠለ የአውሮፕላኑን አካል አቃጠለ። አውሮፕላኑ በኋላ ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የተቆነጠጠ ሽቦ ይህን ያህል አውሮፕላን ካቃጠለ፣ በገበያ ቀን ሽቦው ተልጦ የተገዛ የስልክ መሙያ በሣር ቤት ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

፮. ፖሊመር ምንድን ነው?

እሳት የሚቀበለው ፈሳሹ ከሆነ ፈሳሹን አውጥቶ ጠጣር ነገር ማስገባት መልካም መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን አዮኖች በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት ይሻገራሉ? በወንዝ የሚዋኝ ሰው በግንብ ውስጥ ሊዋኝ አይችልም። ለዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ ፖሊመር ነው።

ፖሊመር ማለት አንድ ዓይነት ትንንሽ ክፍሎች ተቀጣጥለው የሠሩት እጅግ ረጅም ሰንሰለት ነው። ጀሪካን ፖሊመር ነው። የማዳበሪያ ከረጢትም ፖሊመር ነው። የሰው ሥራ ብቻም አይደለም። ጥጥና ፀጉር በተፈጥሮ የተገኙ ፖሊመሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ፒተር ራይት የሚባል ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ፖሊኢትሊን ኦክሳይድ የሚባለው ፖሊመር ጨው አሟሙቶ እንደሚይዝ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ሚሼል አርማን የሚባል ፈረንሳዊ ይህ ነገር ለሊትየም ባትሪ መሻገሪያ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ይህ የሆነው በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ነበር።

የፖሊመሩ አሠራር የደቦ ሥራን ይመስላል። ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ ከወንዝ እስከ ግንቡ ተሰልፈው ድንጋይ ሲቀባበሉ አይተናል። ማንም ከቦታው ርቆ አይሄድም። ክንዱን ብቻ ያወዛውዛል። ድንጋዩ ግን ከእጅ ወደ እጅ እያለ ዳገቱን ይወጣል። በፖሊመር ውስጥም በሰንሰለቱ ላይ ያሉት የኦክሲጅን ቅንጣቶች የሊትየሙን አዮን ይይዙታል። ሰንሰለቱ ሲወዛወዝ ለሚቀጥለው ያቀብሉታል። የሚቀጥለውም ለሌላው ያቀብላል። እንዲህ እያለ አዮኑ ይሻገራል። ፖሊመሩ ግን አይፈስስም፤ ባትሪው ቢበሳም አይንጠባጠብም። ፈሳሽ ስለሌለውም እሳት የመቀበል ኀይሉ ይቀንሳል።

፯. የጉና ብርድና የፖሊመር ችግር

መልካም ነገር ያለ ችግር አይገኝም። የፖሊመር ችግር ብርድ ነው።

የጉና ተራራ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በታኅሣሥ ጧት በዚያ ደጋ ያለ ቅቤ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ያንኑ ቅቤ ወደ በሽሎ በረሃ ቢያወርዱት ይቀልጣል። ፖሊኢትሊን ኦክሳይድም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ገደማ ሲያንስ ሰንሰለቶቹ ተያይዘው ይጠጥራሉ። መወዛወዝ ካቃታቸው አዮኑን ማቀበል አይችሉም። በደቦ የተሰለፉት ሰዎች እጃቸው በብርድ ደንዝዞ ድንጋዩ መንገድ ላይ እንደ ቀረ ያህል ነው።

60 ዲግሪ ማለት እጅን የሚፈጅ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለ ስልክ በኪስ ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ ሊቃውንት ልዩ ልዩ ዘዴ እየሞከሩ ነው።

አንዱ ዘዴ ባትሪውን ማሞቅ ነው። ለመኪና ይሆናል፤ ለስልክ አይሆንም።

ሁለተኛው ዘዴ በፖሊመሩ ውስጥ እንደ ሸክላ ያለ እጅግ የደቀቀ ዱቄት መቀላቀል ነው። እኛ ቤት ስንመርግ ጭቃውን ከጭድ ጋር እናቦካለን። ጭዱ የጭቃውን ጠባይ ይለውጠዋል፤ እንዳይሰነጠቅም ይይዘዋል። ዱቄቱም ሰንሰለቶቹ ተያይዘው እንዳይጠጥሩ ይከለክላል።

ሦስተኛው ዘዴ ለፖሊመሩ ጥቂት ፈሳሽ ማጠጣት ነው። ይህ እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ይሆናል። አዮኑ በደንብ ይሻገራል፤ ነገር ግን ፈሳሹ በተመለሰ መጠን የእሳቱም ሥጋት ይመለሳል። በአንዳንድ የስልክ ባትሪ ላይ «ሊትየም ፖሊመር» የሚል ጽሑፍ በፈረንጅ ፊደል ይታያል። ይህ ስም ሊያታልለን አይገባም። እነዚህ ባትሪዎች በውስጣቸው ፈሳሽ አላቸው። ስለዚህ እነሱም ይቃጠላሉ።

፰. ከፓሪስ የተገኘ ትምህርት

በፈረንሳይ አገር ቦሎሬ የተባለ ኩባንያ የፖሊመር መሻገሪያ ያለው የሊትየም ባትሪ ሠርቶ በመኪና ላይ ገጠመው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2018 ድረስ የፓሪስ ነዋሪዎች እነዚህን መኪናዎች እየተከራዩ ይነዱ ነበር። ባትሪው ሁልጊዜ መሞቅ ነበረበት። በአውቶቡስም ላይ ገብቶ ሠራ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በፓሪስ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አውቶቡሶች ተቃጠሉ። የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት 149 አውቶቡሶችን ለጊዜው ከሥራ አወጣ።

ይህ ምን ያስተምረናል? በፖሊመር ባትሪው ውስጥ ንጹሕ የሊትየም ብረት አለ። ሊትየም በ180 ዲግሪ ይቀልጣል። ከቀለጠ በኋላ አየርና እርጥበት ካገኘ ይነዳል። ፖሊመሩም ቢሆን ሙቀት እጅግ ከበዛበት ይቃጠላል። እንግዲህ ጠጣር መሻገሪያ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ጥሩ በር ያለው ቤት ሌባ አይገባውም ተብሎ መዝጊያው ክፍት እንደማይታደር ሁሉ፣ ጥሩ ባትሪም ቢሆን ጥንቃቄ አይለየውም።

ሥራው ግን አልቆመም። በታይዋን አገር በታይፔ ከተማ ባለው ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች በሊትየም ባትሪና በጠጣር መሻገሪያ ላይ ጥናት ሠርተው በዶክተርነት ተመርቀዋል። ፊደል ከመቁጠር የተጀመረ ትምህርት እስከዚህ ያደርሳል።

፱. እኛ ምን እናድርግ?

አሁን በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ ያለው ባትሪ ፈሳሽ ያለበት ነው። ሊቃውንቱ ሥራቸውን እስኪጨርሱ እኛ የራሳችንን ሥራ እንሥራ።

ስልክ ጠጋኙ «አያ፣ ይህ ባትሪ አብጧል፤ ይቀየር» ሲል ባለ ስልኩ «አንተ ልጅ፣ ገና እየሠራ እንዴት ይጣላል?» ይላል። ልጁ እውነቱን ነው። ያበጠ ባትሪ በውስጡ ጋዝ ሞልቷል። ቢሠራም መሥራቱ የደኅንነቱ ምልክት አይደለም። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከቤትና ከጎተራ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠብቅ።

ሀ. ስልክ ሲሞላ ትራስ ሥር፣ አልጋ ላይ ወይም ጭድ አጠገብ አናስቀምጥ። ድንጋይ ወይም የሸክላ ምጣድ ላይ እናስቀምጠው።

ለ. ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሲሞላ አይደር። ከሞላ እንንቀለው።

ሐ. ሽቦው የተላጠ ወይም የሚግል መሙያ አንጠቀም።

መ. ያበጠ፣ የተበሳ ወይም ውኃ የገባው ባትሪ አንሙላ። ከቤት አውጥተን ከሚነድ ነገር እናርቀው።

ሠ. በውርጭ ያደረ ስልክ ወዲያው አንሙላ። መጀመሪያ በቤት ውስጥ ወይም በብብት ቀስ ብሎ ይሙቅ። ምድጃ ዳር ግን አይቀመጥ።

ረ. ባትሪን በጥርስ አንንከስ፤ በቢላዋም አንክፈት። ያለቀ ባትሪ ወደ እሳት፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ እርሻ አንጣል። ልጆች ከማያገኙበት ደረቅ ቦታ በቆርቆሮ አጠራቅመን ወደ ከተማ ስንሄድ እናስረክብ።

ሰ. ስልክ መጨስ ከጀመረ በእጅ አንንካው። መሙያው ላይ ከሆነ መጀመሪያ ኮረንቲው ይቋረጥ። ልጆች ይውጡ፤ ጭሱ መርዝ ነውና አይተንፍሱት። ከዚያ ከሩቅ ብዙ ውኃ ይፈሰስበት። አፈር ነበልባሉን ቢያፍንም የውስጡን ሙቀት አያበርድም፤ ውኃ ግን ያቀዘቅዘዋል። ከጠፋ በኋላም ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል ደጅ ይደር።

የፀሐይ መብራት የሚገዛ ሰው ደግሞ ስለ ባትሪው ዓይነት ይጠይቅ። ከሊትየም ባትሪዎች መካከል በተቀባይ ወገኑ ብረትና ፎስፌት ያለበት ዓይነት ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ አይግልም። ጠይቆ የገዛ ሰው አይጸጸትም። ለመጠየቅም ለማንበብም ፊደል አለን።

የቃላት ፍቺ

ባትሪ፦ የኤሌክትሪክ ኀይል አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ።

ኤሌክትሮን፦ በሽቦ ውስጥ ሲጓዝ ኮረንቲ የሚሆን እጅግ ደቃቃ ነገር።

አዮን፦ በባትሪ ውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገር እጅግ ደቃቃ ነገር።

ኤሌክትሮላይት፦ አዮን የሚሻገርበት መካከለኛ ነገር፤ መሻገሪያ።

ፖሊመር፦ ትንንሽ ክፍሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት።

ሊትየም፦ ከብረት ወገን ሁሉ የቀለለው።

ጥያቄዎች

1. ማናቸውም ባትሪ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?

2. ኤሌክትሮኖች በየት፣ አዮኖችስ በየት በኩል ይሄዳሉ?

3. የእርጥብ ድርቆሽ ክምርና የሚግል ባትሪ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

4. በለንደን በኢትዮጵያ አውሮፕላን ላይ እሳት ያስነሣው ምን ነበር?

5. አርማን ሐሳቡን ካቀረበበት ከ1978 የሊትየም ባትሪ ለገበያ እስከ ዋለበት እስከ 1991 ድረስ ስንት ዓመት ነው?

6. ፖሊመር በብርድ ጊዜ አዮን ማሻገር ለምን ያቅተዋል? ሊቃውንት ያሰቡትን ሁለት ዘዴ ተናገሩ።

7. ዛሬ ማታ በቤታችሁ ስልክ የሚሞላበትን ቦታ ተመልከቱ። ከላይ ከተዘረዘሩት የትኛው አልተጠበቀም? ምን ትለውጣላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉና ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው።